ያልተቃጠለው ፊውዝ

እናቴ በሐሰት ማለች ተባለ። ነገሬ ይህ ነው። የሱቋ መቃጠል አይደለም፤ ሱቅ ይቃጠላል፣ ተመልሶ ይሠራል። ወሎ ላይ ግን ሽማግሌ ፊት «ወላሂ» ብሎ የዋሸ ሰው አለቀለት። ሰላምታ አይነፍጉትም። ሰላም ይሉታል፣ ከዚያ በኋላ የሚናገረውን ግን ማንም አይሰማውም።

ሱቋ ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ነበረች። አንድ በር፣ አንድ መደርደሪያ፣ እርጎና ለስላሳ የሚቀዘቅዝበት ያረጀ ፍሪጅ። ከፍሪጁ ጎን ስታብላይዘር። የእኛ ሰፈር መብራት ሲያሰኘው ይወርዳል፣ ሲያሰኘው ይዘላል፤ ስለዚህ ፍሪጅ ያለው ሰው ሁሉ ኃይሉን የሚያስተካክል ይህን የብረት ሳጥን መሀል ላይ ያስገባል። የእናቴ ሳጥን ኮምቦልቻ የተገጣጠመ ነው። «የአገራችን ልጅ ሥራ ነው» ብላ ተሸክማ ባመጣችው ቀን እንደማንኛዋም የደሴ ሴት መጀመሪያ ያደረገችው ማልበስ ነው። በእኛ ቤት ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ይለብሳል፣ ሬዲዮኑ ይለብሳል፣ የፍሪጁ ራስ ይለብሳል። ራቁቱን የሚቀመጥ ዕቃ ነውር ነው። እናቴ ኪሮሽ ከያዘች ደግሞ እንኳን ስታብላይዘር ድመትም ታለብሳለች።

እሳቱ የተነሳው ከሰዓት በኋላ ነው። ያን ቀን መብራቱ ወርዶ አምፖሉ የበሰለ ብርቱካን መስሎ ነበር። እናቴ ሱቁን ቆልፋ ለቅሶ ሄደች። ስትመለስ ሰፈሩ ተሰልፎ በባልዲ ውሃ ይቀባበላል። የሱቋ የጀርባ ግድግዳ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ ግድግዳ ነው፤ ተሰፍቶ የተሰቀለ የሰው የሰርግ ልብስ ሳይቀር ነደደ። ልብስ ሰፊዋና እናቴ በዚያ ግድግዳ ላይ ባለች ሽንቁር የሻይ ብርጭቆ ይቀባበሉ ነበር። አንዷ ጴንጤ፣ አንዷ እስላም፤ ሐሜታቸው ግን አንድ ነበር።

አበጋሮቹ ተቀመጡ። አበጋር የምንለው የተጣላን የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው ከፍርድ ቤት ቀድሞ የሚደመጥ ሽማግሌዎቻችንን ነው። ሳጥኑን የሚገጣጥመው የኮምቦልቻው ባለ ወርክሾፕ፣ እሱ ፋብሪካ ነው የሚለው፣ በእሳቱ ማግስት መጥቶ «ወስጄ ላስመርምረው» ብሎ የተቃጠለውን ሳጥን ጭኖ ሄዶ ነበር። ማን ይከለክለዋል? ለሽምግልናው ይዞት መጣና ሁሉም እያየ ከፈተው።

«ይኸውላችሁ» አለ። ፊውዙ በሚቀመጥበት ቦታ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሟል።

ፊውዝ ማለት በትንሽ የመስታወት ቱቦ ውስጥ ያለች ፀጉር የምታህል ሽቦ ናት። ኃይል ከልክ ሲያልፍ ከሁሉ ቀድማ ትቃጠላለች፤ እሷ ስትሞት ቤቱ ይተርፋል። ቱቦዋን አውጥተህ የመዳብ ሽቦ ካሰርህበት ግን የሚሞትልህ የለም።

«እናቶቻችን እኮ እንዲህ ናቸው» አለ ሰውዬው፣ አዝኖ። አዝኖ! «ፊውዙ ሲቃጠልባቸው ሽቦ ያስራሉ። እኔ ሳጥኑ ላይ ባለ አምስት አምፔር ፊውዝ ብዬ ጽፌያለሁ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግ?»

«ወላሂ ከፍቼው አላውቅም» አለች እናቴ። «ወላሂ፣ ወላሂ! ብሎኑን እንኳ ነክቼ አላውቅም።»

ከሽማግሌዎቹ ታላቁ ሳቁ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። «አንቺ ልጅ፣ ደሴ ውስጥ ሽቦ ያላሰረ ቤት ካለ አሳዩኝና ሄጄ ልዘይረው። እኔ ራሴ አስሬያለሁ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። የእናቴ ወላሂ በዚያ ሳቅ ውስጥ ሰጠመ። ይቅርታ ጠይቂ፣ ዳግመኛም በጌታሽ ስም እንዲህ አትቀልጂ ተባለች። ጎንበስ ብላ የልብስ ሰፊዋን ጉልበት ያዘች። ልብስ ሰፊዋ «እሺ፣ እሺ» አለች፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ። ግድግዳው ሲታደስ ሽንቁሯም አብራ ተደፈነች። እናቴ ኪሮሿን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው፤ ሱቁን እንደገና ስትከፍት ምንም ነገር አላለበሰችም።

እኔ በዚያ ቀን በር ላይ የእጅ መታጠቢያ ውሃ ይዤ ቆሜ ነበር። ሳጥኑን ከቅርብ አይቼዋለሁ። ሆዱ በሙሉ ከሰል ነው። ሽቦው ግን እንደ አዲስ ጉትቻ ያበራ ነበር። አየሁት፤ ምን እንዳየሁ ግን አልገባኝም።

አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ፣ ውጤት አልመጣልኝም። ቤት መቀመጥ ደግሞ አልችልም። እናቴ ከልጅነቴ ጀምራ «አንቺን የወለድኩሽ ሚኒባስ ውስጥ ነው እንዴ?» ትለኛለች። ኮምቦልቻ ወረድኩና የዚያኑ ሰውዬ ግቢ ፈልጌ አገኘሁ። የታሰበ ነገር ነበራት እንዳትሉኝ። ላየው ነው የፈለግኩት፤ እንዴት እንደሚስቅ፣ ምሳ ሲበላ ጉሮሮው ይዘጋበት እንደሆነ። አይዘጋበትም። በሩ ላይ ሴት ሠራተኞች ይፈለጋሉ የሚል ተለጥፏል። ሽቦ ለመጠምጠም ጣታችን ይመቻል ብለው ነው። ሰውዬው ጣቶቼን አየ፣ ፊቴን አላየም።

«ነገ ግቢ» አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ የደሴን ብርድ በሹራብ ተጠቅልዬ እሳፈራለሁ፣ የሐረጎን ቁልቁለት ስንወርድ ጆሮዬ ይደፈናል፣ ኮምቦልቻ ስንደርስ ሹራቡ ክንዴ ላይ ነው። ለእናቴ ክር ፋብሪካ ገባሁ አልኳት። ዋሸኋት፤ ግን አልማልኩም።

ፎርማናችን እጁ ፈጣን፣ ምላሱ ከእጁ የፈጠነ ሰው ነበር። ከጥምጠማው አንስቶ የመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠኝ። ፊውዝ አስገባለሁ፣ ሶኬት እሰካለሁ፣ የቆጣሪው መርፌ ከፍ ሲል «ተፈትሿል» የሚል ወረቀት እለጥፋለሁ። ሙከራው ይኸው ነው። በመጀመሪያው ቀን የፊውዙን ቁጥር አነበብኩ።

«ጋሼ፣ ሳጥኑ ላይ አምስት ይላል፤ ፊውዙ ላይ አስራ አምስት።»

«ማንበብ ትችያለሽ? ማሻአላህ።»

«ለምን ተለያየ?»

«ፍሪጅ ሲነሳ ኃይል ይጎትታል፣ አምስቱ ይቃጠላል። ሰዉ ሳጥኑን ተሸክሞ ይመጣል፣ ሰድቦን ይሄዳል። አስራ አምስቱ አይቃጠልም፤ ማንም አይመጣም።»

«ውስጥ የጠመጠምነው ሽቦስ አስራ አምስት ይችላል?»

«የሚችለውን አላህ ያውቃል። አንቺ ለጥፊ።»

ለጠፍኩ። ከዚያ አንድ የኩታበር ፀጉር አስተካካይ መጣ። የተቃጠለ ሳጥኑን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ፣ ግማሽ ቅንድቡ ተለብልቦ። ፎርማኑ ትከሻውን ያዘው። «ወንድሜ፣ እንኳን አንተ ተረፍክ። እዚያ ቁጭ በልና ሻይ ጠጣ፣ እኛ እንየው።» ሳጥኑን ወደ እኔ ጠረጴዛ አመጣና ሰውዬው ቆሞ እያየ ፈታው። ፊውዙን አወጣ። መስታወቱ ጥላሸት ጠጥቷል፣ ውስጡ ያለችው ሽቦ ግን አልተበጠሰችም። ሳጥኑ ከስሏል፣ ፊውዙ ደህና ነው። ወደ ቆርቆሮው ወረወረው፣ ከጥቅሉ ላይ የመዳብ ሽቦ ቆረጠና እያፏጨ በቦታው ጠመጠመ።

«ይህን ወሬ ማሳጠሪያ ነው የምንለው» አለኝ።

ፀጉር አስተካካዩ ተጠርቶ ገባ። ሽቦውን አየ። ፊቱ ላይ የቀረው ቅንድብ ወረደ። «ልጆቼ ይሆናሉ» አለ ቀስ ብሎ። «ትልቁ ልጄ እጁ አያርፍም።» ይቅርታ ጠየቀን! ሳጥኑን መልሶ በጆንያ ጠቅልሎ፣ ይቅርታ ጠይቆን ሄደ።

እኔ ያየሁት ጉትቻውን ነው። በከሰል መሀል የሚያበራውን። ሰውዬውና ፎርማኑ ዞር ሲሉ እጄን ቆርቆሮው ውስጥ ከትቼ ያቺን ጥላሸት የጠጣች ፊውዝ አወጣሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት።

ያኔ መጮህ እችል ነበር። ጯሂ ነኝ፣ የሚያውቁኝ ያውቁታል። ግን ማን ይሰማኛል? በሐሰት ማለች የተባለች ሴት ልጅ ነኝ። መለጠፌን ቀጠልኩ።

ሰውዬው በዚያ ሰሞን ሳጥኑን ለትላልቅ ገዢዎች ለመሸጥ አሰበና ሙከራ የሚያስተምር ባለሙያ ከአዲስ አበባ አስመጣ። ልጅ እግር ነው፤ ሙቀቱ አልስማማው ብሎ ሲያስተምር ላቡን በሶፍት ይጠርጋል። መጀመሪያ የጠየቀን «እንዴት ነው የምትሞክሩት?» ብሎ ነው። መርፌው ከፍ ሲል እንለጥፋለን አልነው።

«እሱ ዕቃው ሲሠራ ማየት ነው። ሙከራ ማለት ዕቃውን በክፉ ቀኑ ማየት ነው። ከክፉ ቀኖቹም የከፋውን ትመርጣላችሁ። እሱን ካለፈ ሌላውን ያልፋል።»

«የከፋውማ ኮንታክት ነው» አለ ፎርማኑ፣ ሁለቱን ጣቶቹን እያጋጨ። ሽቦና ሽቦ ሲነካካ ማለቱ ነው።

ባለሙያው ራሱን ነቀነቀ። «ኮንታክት ደጉ ነው። ኃይሉ በአንዴ ይመጣል፣ ፊውዙ ታክ ይላል፣ አለቀ። የከፋው ፊውዙ ከሚቆርጥበት ዝቅ ብሎ የሚቆየው ነው። ፊውዝ ላይ የተጻፈው ቁጥር የሚቃጠልበት አይደለም፤ ተሸክሞት የሚውለው ነው። አስራ አምስት ካላችሁት አስራ አራቱን ሲያሳልፍ ይውላል። የሳጥኑ ሆድ እየበሰለ እሱ ምንም አይሰማውም።»

 ሰውዬው በር ላይ ቆሞ ስልኩን ይነካካል።

«ዳንቴል ቢለብስስ?» አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። ባለሙያው ዳንቴሉ ምን እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ደሴ ውስጥ ራቁቱን የሚቆም ዕቃ እንደሌለ ነገርኩት። አልሳቀም። «እንግዲያው አልብሰሽ ሞክሪው። ሰው የሚያደርገውን ካላደረግሽ ምኑን ሞከርሽው?»

ያን ቀን ወደ ደሴ ስመለስ ሐረጎን እየወጣን ነው ሁሉም የገጠመልኝ። መብራቱ ወርዷል። የፍሪጁ ሞተር ልነሳ ይላል፣ አቅም ያጣል፣ ነክሶ ያጉረመርማል፣ ከሳጥኑ ኃይል ይጎትታል። አምስት ቢሆን ኖሮ ወዲያው ታክ ብሎ እርጎው ይበላሽ ነበር፤ በቃ፣ እርጎ ነው። አስራ አምስቱ ግን ደህና ነው። ከላይ ዳንቴል። እናቴ ለቅሶ ላይ ሌላ ሰው ታጽናናለች። ከጎኔ የተቀመጡት ሴትዮ «ምነው ልጄ፣ አመመሽ?» አሉኝ። አይ፣ አላመመኝም አልኳቸው።

በማግስቱ ለሰውዬው ነገርኩት። ደግ ሆኜ አይደለም፤ ከአፉ መስማት ፈልጌ ነው።

«ጋሼ፣ ባለሙያው ያለውን ሰምተዋል። ፍሪጅ ሲነሳ የማይደነግጥ ቀስ ብሎ የሚቆርጥ ባለ አምስት ፊውዝ አለ ብሏል። እንቀይረው።»

«እሱ ውድ ነው፣ ደግሞም አይገኝም።» ከዚያ እንደ አባት ሊመክረኝ ወንበሩን ሳበ። «ስሚ ልጄ። ፊውዝ ሲቃጠል የሚጠፋው የኔ ስም ነው። ቤት ሲቃጠል የሚጠፋው የሴትየዋ ነው። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩ። በደንብ ነው የገባኝ።

ሰውዬው አዲሱ ሳጥን ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ዱዓ እንዲደረግለት ፈለገ። እኛ ዘንድ እንዲህ ነው፤ አዲስ ነገር ሽማግሌ ሳይመርቀው አይሸጥም። በግ ታረደ፣ ድንኳን ተተከለ። የኮምቦልቻ ነጋዴ ተጠራ፤ ከደሴም አበጋሮቹ ተጠሩ፣ እነዚያው፣ ታላቁም ጭምር። ይህን ስሰማ ምሳዬን መብላት አቃተኝ፣ ከደስታ።

እናቴን ዳንቴል ሥሪልኝ አልኳት።

«ለማን?»

«ለዱዓ ነው። ለሥራ ቦታ።»

ኪሮሿን ከመሳቢያ አወጣች። ጣቶቿ መጀመሪያ ተደናገሩ፣ ከዚያ መንገዱን አገኙት። መሀሉ ኮከብ፣ ዙሪያው ጥልፍልፍ፣ እንደ ወተት የነጣ። ስትሰጠኝ «አደራ፣ በቆሻሻ እጅ እንዳይነኩት» አለች። አንጀቴን ቆረጠው፤ ግን ወሰድኩት።

እኔም ዝግጅቴን ጨርሼ ነበር። ሌሎቹ ለምሳ ሲወጡ ሁለት የኤሌክትሪክ ምድጃ በአንድ ሳጥን ላይ ሰክቼ ሞክሬዋለሁ፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከአስራ አምስት ዝቅ ይላሉ። ሳጥኑ ሲያሽትት ነቅያለሁ። እስከየት እንደሚሄድ አውቃለሁ። በዱዓው ቀን ከጠረጴዛው ስር አሸዋ የሞላ ባልዲ አስቀመጥኩ።

ሳጥኑ በድንኳኑ መሀል ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ። ዳንቴሉን አለበስኩት።

«ማሻአላህ!» አለ ሰውዬው እጁን እያጨበጨበ። «ሙሽራ አስመሰልሽው እኮ!»

ከዚያ የሚወደውን ጨዋታ ተጫወተ። ዳንቴሉን ገለጥ አድርጎ ጠፍጣፋ መፍቻ መውጫው ላይ ከተተና ሽቦና ሽቦውን አገናኘው። ታክ! ብልጭታ፣ ሴቶቹ «ኡ!» አሉ፣ ፊውዙ ተቃጠለ። «አያችሁ? ቤታችሁ የሚጠበቀው እንዲህ ነው!» ተጨበጨበለት። እኔም አጨበጨብኩ።

«ጋሼ፣ አዲሱን ፊውዝ በራስዎ እጅ ያስገቡት» አልኩ ጮክ ብዬ። «በረካ ይኖረዋል።»

ደስ አለው። ከራሱ ካርቶን አንድ አወጣ። ከእጁ ተቀብዬ ለታላቁ ሽማግሌ አቀበልኩ። «አባባ፣ እርስዎም ይባርኩት። ሽቦ እንደሌለበት ይዩልን።» ሽማግሌው መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ወደ ብርሃን ያዙት። «መስታወት ነው። የታሰረ ነገር የለውም» አሉና መለሱለት። ሰውዬው አስገባው። እኔ ክዳኑን አጠበቅኩ፣ ዳንቴሉን መለስኩ።

«የእንግዳው ሻይ በዚሁ ሳጥን ይፍላ። ጉልበቱን ሰው ይይለት።» ሁለቱን ምድጃ ሰካሁ፣ ማንቆርቆሪያዎቹን ጣድኩ። ፎርማኑ ዓይኑ ፈጠጠ። ሰውዬው አንድ ነገር ሊል ሲል ነጋዴዎቹ «ይፍላ! ይፍላ!» አሉ። ምን ይበል? ጉልበት የለውም ይበል?

ታላቁ ሽማግሌ ዱዓውን ጀመሩ። መዳፍ ሁሉ ወደ ላይ ተዘረጋ። የወሎ ዱዓ እንዴት እንደሚረዝም የማያውቅ ሰው አልጠግብ ያለ ጸሎት አያውቅም። ለዝናቡ አሚን። ለሰላሙ አሚን። ለነጋዴው፣ ለገበሬው፣ ለወላዷ፣ ላልወለደችው። በዱዓ መሀል እጁን አውርዶ የሚነሳ ሰው የለም። ሰውዬው መዳፉን ዘርግቶ ዓይኑን ዳንቴሉ ላይ ተክሏል። ሻዩ ፈላ። ፎርማኑ አንገቱን ወደ እኔ አስግጎ «አጥፊው፣ አንቺ!» አለኝ በጥርሱ መሀል።

«ዱዓ ላይ ነን፣ ጋሼ» አልኩት።

መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የሽቦ ቀለም ሲበስል የሚሸተው፣ ጉሮሮ የሚይዘው። ከዚያ የኮከቡ መሀል ቢጫ ሆነ። ቢጫው ሻይ መሰለ፣ ሻዩ ቡና መሰለ።  ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፍነው «ከእሳት ጠብቀን» አሉ። «አሚን» አለ ሰዉ፣ እኔም አልኩ፣ ከልቤ። በዚህ መሀል ጥልፍልፉ ተሸነቆረና ጭሱ ቀጥ ብሎ ወጣ።

ሰውዬው ዘሎ ተነሳ። ፊቱ ቆምኩበት።

«አይንኩት፣ ጋሼ። ፊውዙ እኮ አልተቃጠለም። ደህና ነው።»

«ዞር በይ! አብደሻል?»

ከዳንቴሉ ጫፍ ነበልባል ብቅ አለ። የእናቴ እጅ ሥራ ነው። ሲነድ ማየት ነበረብኝና አየሁት።

«አጥፊው ልጄ» አሉ ሽማግሌው። ለእሳቸው ታዘዝኩ። ሶኬቱን ነቀልኩ፣ አሸዋውን ደፋሁበት። ድንኳኑ ውስጥ የተቀመጠ ሰው አልነበረም።

ሳጥኑን በጨርቅ ይዤ ከፈትኩ። ሆዱ ጠቁሯል። ፊውዙን አወጣሁ፣ አሸዋውን እፍ አልኩና የሽማግሌው መዳፍ ላይ አስቀመጥኩት። ሽቦዋ ሙሉ ናት።

«ቁጥሩ ስንት ይላል፣ አባባ?»

መነጽራቸውን አስተካከሉ። «አስራ አምስት።»

«ሳጥኑስ ላይ?»

አንዱ ነጋዴ ጎንበስ ብሎ ጮክ ብሎ አነበበው። «አምስት።»

«አባባ፣ የሸዋ በሯን ባለ ሱቅ ያስታውሷታል? ብሎኑን እንኳ ነክቼ አላውቅም ብላ የማለችውን? እናቴ ናት። ያን ቀን የእጅ ውሃ ያስታጠብኳችሁ እኔ ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ሳጥኑ ከሰል ነበር። ሽቦው ጠቁሮ ነበር ወይስ ያበራ ነበር?»

ሽማግሌው ፊውዙን መዳፋቸው ላይ አገላበጡ። ፊታቸው ላይ ያ ሳቃቸው ሲመለስባቸው አየሁ።

«ያበራ ነበር» አሉ። ከዚያ ወደ ሰውዬው ዞሩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር። «በል እንግዲህ። ሽቦውን እኔ አላሰርኩም፣ ወላሂ በል። እሷ ብላለች። አንተም በል።»

ሰውዬው አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ ሰው አፉን ያያል። ዘጋው። እንደገና ከፈተ። ወደ ፎርማኑ ዞረ፤ ፎርማኑ መሬት ያያል። ወላሂው አልወጣም።

ስፈልገው የነበረው ይህንን አፍ ነው። ተከፍቶ፣ ባዶ። አሁንም ሚኒባስ ውስጥ ዓይኔን ስጨፍን አየዋለሁ፣ ይጣፍጠኛልም።

አበጋሮቹ ሰውዬውን ይዘው ደሴ እናቴ ቤት መጡ። እናቴ እስከዚያ ድረስ የምሠራበትን አታውቅም ነበር፤ ቀድሜ ስነግራት በጥፊ ልትመታኝ እጇን አንስታ ከዚያ በዚያው እጅ አፏን ያዘች። እንግዶቹን ግቡ አላለችም። ደጃፉ ላይ አቆመቻቸው።

«መጀመሪያ እሷን ጥሩልኝ» አለች። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መጣች።

«ሽቦው የታሰረው በእኛ በኩል ነው» አለ ሰውዬው።

«እኛ ማን ነው?» አለች እናቴ።

«እኔ።»

«ለእኔ አትንገረኝ፤ እኔማ አውቃለሁ። ለእሷ ንገራት።»

ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሮ ደገመው። ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ከአንገቷ አውርዳ ፊቷን ሸፈነችበት። «በጌታ ስም» አለች፣ «በጌታ ስም፣ እኔ እኮ ጉልበቴን አስያዝኳት።» እናቴ ወደ እሷ ሄደች። ታላቁ ሽማግሌም ጥምጣማቸውን ነክተው «የሳቅኩት እኔ ነኝ፤ የኔንም አውፍ በይኝ» አሏት። ሁሉንም አውፍ አለች፣ ይቅር አለች፣ በአንድ ትንፋሽ፣ ሰውዬውንም ጭምር። እናቴ እንዲህ ናት፤ ስሟ ተመለሰላት፣ ሌላ አልፈለገችም።

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺም አውፍ በይ፣ ልጄ። ይለቅ።»

«እኔ ገና ነኝ፣ አባባ።»

«አንቺ ልጅ!» አለች እናቴ።

ቦርሳዬን ከፈትኩና ያቺን ጥላሸት የጠጣች ፊውዝ በሽማግሌው መዳፍ ላይ አስቀመጥኳት። «ይህቺ የእናቴ አይደለችም። የማን እንደሆነች እሱን ይጠይቁት።»

ሰውዬው አየ። አወቃት። «የኩታበሩ» አለ፣ ድምፁ ሳይወጣ።

«ፀጉር አስተካካይ ነው» አልኩ። «ትልቁ ልጁ እጁ አያርፍም ብሎ ያምናል። እስካሁን ቤቱ ውስጥ ልጁን እንዴት እንደሚያየው አስቡት። ሌሎቹንም ፎርማኑ ያውቃቸዋል። ኩታበር ሄዶ እንዲህ ደጃፍ ላይ ይቁም፤ ከዚያ የቀሩት ዘንድ ይሂድ። ያኔ ጠይቁኝ።»

ሽማግሌው ፊውዟን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ ብርሃን አነሷት፣ በድንኳኑ ውስጥ እንዳነሷት። ከዚያ ለሰውዬው ሰጡት። «እውነቷን ነው» አሉ። «ያዝና ተነስ።»

በገበያው ቀን ሰውዬው ወደ ኩታበር በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፈረ። ከፊት ተቀመጠ። እኔ ከኋላው።